ከአፈር የታገደው አትክልተኛ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከአባባ ሳል በቀር ደህና ነን። አትክልተኛው አባታችን ከአፈር ታግዷል። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ሳንባው ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ከአፈር የሚነሳ፣ ጤነኛ ሰው እምብዛም የማይደፍር ነው። የሰጠሽውን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት የመከላከል አቅሙን ስላዳከመው፣ መጠኑን ቀነሰችለት።

«ሳንባህን ላድን ብላ የልጄን ኩላሊት ልታሳጣኝ ነው!» ብሎ አኩርፏል።

ጽጌረዳዎቹን አሁን እኔ ነኝ የምኮተኩተው። እሱ በመስኮት ሆኖ «አንተ፣ ሥሩን ጨረስከው እኮ!» ይለኛል። ትናንት ግን አንዱን ከነሥሩ ስነቅለው ዝም ብሎ አየኝ።

ኩላሊትሽም እስካሁን ሰላም ይልሻል። ለመሆኑ መሥሪያ ቤትሽ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ይሰጣል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ