አጠረ የተባለው ሳጥን

ግንቦት 21 ቀን፣ ከቤት

ይድረስ ስልክ ስደውል «እሺ እሺ» ብላ ለምትዘጋብኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይሄን ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው።

በስልክ ብነግርሽ መሀል ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ ወረቀት ግን ጨርሶ ነው የሚለቅሽ። ወደናንተ የምትመጣ ሴት ተገኝታ ነው የጻፍኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ ቻይው። ልጅሽ ልጻፍልሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት፤ ስለሷ ነዋ የማወራው።

እንጨት ሥራ እንደምትማር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ከቀጣሪዎች ጋር ተስማምቶ ልጆቹ ግማሹን ሳምንት ክፍል፣ ግማሹን ሥራ ቦታ ይውላሉ። እዚያው ለምደው እዚያው እንዲቀጠሩ ነው አሉ። ለጓደኞቿ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራበት፣ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ደረሳቸው። እሷን ግን «ሴት ልጅ መጋዝ ልትይዝ?» እያሉ ሁሉም መለሷት። በመጨረሻ አስተባባሪያቸው የት ወሰዳት መሰለሽ? ሬሳ ሳጥን ሠሪው ዘንድ። «እዚያ ሴት ነሽ ወንድ የሚል ደንበኛ የለም» አላት አሉ፣ እየሳቀ። ጥርሱ ይርገፍ።

ባለቤቱን ሰፈሩ ጋሽ ጥድ ይለዋል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚወጋ ሰው ነው። ልጅሽ ግን ሥራውን ወደደችው። ማታ ስትመጣ ፀጉሯ ሰጋቱራ ለብሶ፣ እጇ ኮላ ኮላ እየሸተተ፣ ስለ መላጊያ ስታወራኝ እህል ሳትቀምስ ትተኛለች። የጎረቤት ልጆች በሷ በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ። «ምን ሆናችሁ?» ብላቸው «ቁመታችንን እንዳትለካን ነው» አሉኝ። እኔም «አይዟችሁ፣ እናንተን የጫማ ካርቶን ይበቃችኋል» አልኳቸው። አፌን ታውቂው የለ።

ታዲያ ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ጥድ አንድ ሳጥን ከጣውላው እስከ ቫርኒሹ ብቻዋን እንድትሠራ አዘዛት። ካማረ ይቀጥራታል። ሟች ለመለካት ራሱ ነው የሚሄደው፣ ተማሪ አያስከትልም። «እቤትሽ ያለውን ሰው ለክተሽ ሥሪ» አላት። እቤቷ ያለው ሰው ማነው? እኔ ነኛ። አንቺ ብትኖሪ አንቺን ትለካ ነበር።

አልጋዬ ላይ ቀጥ አድርጋ አስተኝታ ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለካችኝ። «እማዬ አትሳቂ፣ ሜትሩ ይነቃነቃል» ትላለች። እማዬ የምትለው እኔን ነው፣ አይክፋሽ።

ሳጥኑ አማረ። ዓይኔ ነው ያየው፤ መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ጋሽ ጥድ መጣ፣ ከላይ ሆኖ አየው፣ አልነካውም።

«ይሄ የቆመ ሰው ሳጥን ነው» አላት።

«እንዴት ጋሼ?»

«ሰው ሲሞት እግሩ እንደቆመ ሰው አይሆንም፣ ጣቱ ወደ ፊት ይዘረጋል። ከተረከዝ ለክተሽ ደንበኛዬን ጉልበቱን አጥፌ ላስተኛው?»

«እቀጥልበታለሁ።»

«የተቀጠለ ሳጥን ከቤቴ አይወጣም። እንዳለ በር ላይ አቁሚው። እሱ ሳይወጣ አንቺ አትገቢም።»

ለሰው ሞት አነሰው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ለካ ሳጥንም ያንሰዋል። በር ላይ ቆመልሽ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያሾፋል። አንዱማ «እግሩን ለብቻ ነው የምትሸጡት?» ብሎ ጠየቃት። ጋሽ ጥድ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። አስተባባሪው መጣና ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ከስህተት ይማራል» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ሰጥተዋታል። የሌሎቹን ሠራተኞች እንጨት ፍርፋሪ እየጠረገች በዚያ ሳጥን ሥር ትወጣለች፣ በሱ ሥር ትገባለች።

አንጀቴ አልችል ቢለኝ ሄድኩለት። ሁለቴ አረፍ እያልኩ ነው የደረስኩት፣ ይሄ ጀርባዬ አላስኬድ ብሎኝ።

«ያላሳየኸውን ነው የጠየቅካት» አልኩት።

«እማማ፣ የኔ ሥራ ልምምድ የለውም። ሟች ሄዶ ተመልሶ አይለካም።»

«ታዲያ ምን ልታስተምር ተቀበልካት?»

«ለምነውኝ ነው። ወንበር የለም፣ ቆመሽ እንዳትደክሚ።»

መቀመጫ ሳይሰጠኝ ሸኘኝ።

ስለ ጀርባዬ ላልሽው፣ አዎ ሐኪም አይቶኛል። ጥሩ ልጅ ነው። ከልጅሽ ጋር በሩን ዘግተው ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ወጥቶ «እማማ፣ ካሁን በኋላ እዚህ ድረስ አይልፉ» አለኝ። እንዲህ ያለ አዛኝ ሐኪም አይቼ አላውቅም። ፎቶ ላኪ ያልሽውን ተይው። ጎብጫለሁ፣ ቀሚሴም ውስጡ ሌላ ሰው የሚያስገባ ሆኗል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ያለፈው እሑድ ልጅሽ ሜትሯን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ትክክለኛውን መለካት ልማር፣ የእግር ጣትሽን ዘርጊልኝ» አለችኝ። ዘረጋሁላት። ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ትከሻዬን ለካች።

«ስንት መጣ?» አልኳት።

«ያው ነው።»

«ያው ማለት?»

«የሳጥኑ ልክ።»

ጣቴን ዘርግቼ ያው መጣ። የጎደለው ከኔ ላይ ነው። ሜትሩን ጠቅልላ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ምንም አላልኩም። እኔም አንዳንዴ ዝም እላለሁ፣ አንቺ ባታምኚም።

ሰኞ እሷ ክፍል ስትሄድ ወደ ጋሽ ጥድ ተመለስኩ። በር ላይ ያለው የልጅቷ ሳጥን ገዢ አለው፣ ለሌላ እንዳትሰጥ አልኩት። «ማነው ገዢው?» ሊለኝ አፉን ከፍቶ ዓይኑ ከአናቴ ጀምሮ እስከ እግሬ ወረደ። ሙያው ነውና ዓይኑ ሜትር ነው። ከዚያ ተነሳ፣ ወንበሩን በእጀታው ጠረገና አስቀመጠኝ። ይኸው አሁን ወንበር ተገኘ።

«መቼ ትፈልጊዋለሽ እማማ?»

«አትቸኩል» አልኩት፣ «ብቻ እሱ ሲወጣ እሷ ትግባ። ቃልህ ነው።»

«ቃሌ ነው» አለኝ። ክፉ ነው እንጂ ቃል አያጥፍም። ሠራተኞቹ ፊት አስማልኩት።

ለልጅሽ አልነገርኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን ስለ ሌላ ነገር እንስቃለን።

ነይ አልልሽም፣ አትምጪም አልልሽም። እንደ ሥራሽ። ብቻ ያ ነጭ ሹራብ የላክሽው ሰፍቶኛልና ሌላ እንዳትልኪ።

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። በሰው ቤት ስትሠሪ የሰው ፊት አያሳይሽ። የወለድሽው ለቁም ነገር ይብቃልሽ፣ የበላሽው ይርጋልሽ። እኔ ያየሁትን አያሳይሽ።

አንድ ነገር ብቻ። ልጅሽ አንድ ቀን «ሥራ ገባሁ» ብላ ትደውልልሻለች። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ በያት። ሳጥኑን ማን ገዛው ብለሽ እንዳትጠይቂያት።

እናትሽ