ለምረቃው ሲባል የተደፈነው መንገዳችን

ለተከበሩ የከተማው መንገዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነወንበርዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ሰፈር ሁላችንም ደህና ነን፤ ትንሽ ረጥበናል እንጂ።

በመጀመሪያ ስላሠሩልን ውሃ የሚያሰርግ የእግረኛ መንገድ ከልብ እናመሰግናለን። መሐንዲስዎ ድንጋዮቹን አራርቀው አንጥፈው በየመሃሉ ጠጠር ሲሞሉ፣ «ዝናቡ በዚህ ክፍተት ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ጎርፍ ቀረላችሁ» ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ያን ሰሞን ቢዘንብ ቢዘንብ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብላ ባለችው የአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ጠብታ አልገባም። አክስቴም ከደጃፏ የአሸዋ ከረጢቶቿን አነሳች። ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ነው።

1ኛ. የምረቃው እንግዶች ታኮ ጫማ በክፍተቱ እንዳይቀረቀር አስበው፣ በዋዜማው ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ አስደፈኑት። አሳቢነትዎ አንጀት ይበላል። ውሃ እንዲያሰርግ የተሠራን መንገድ ውሃ እንዳያሰርግ አድርጎ መመረቅ ለማንም ሰው አይመጣለትም።

2ኛ. «ውሃ የሚያሰርግ መንገድ» የሚለው ሰሌዳ አሁንም እንደቆመ ነው። ጎርፉ ማንበብ ስለማይችል በሥሩ አልፎ ቀጥ ብሎ አክስቴ ቤት ገባ። ለተማሪዎች ዩኒፎርም የተቆረጠው ጨርቅ ጭቃ ለበሰ፣ የስፌት መኪናዋ ሞተር ተቃጠለ። እኔን ያሳደገችኝ በዚያች መኪና ነው። አሁን በተውሶ መኪና ትሠራለች፤ አንዴ ከተደገመ ቤቱን ትዘጋለች።

3ኛ. አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ፣ «አንተ ልጅ፣ መንገዱ እኮ ተመርቋል፤ የተመረቀ ነገር አይነካም» አሉኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ግን አክስቴ «አፍህን ሰብስብ!» ብላ አስምላኝ ስለነበር ሰብስቤ ወጣሁ። ስለ እጄ ምንም ስላላለች ይኸው እጽፋለሁ።

4ኛ. አራተኛው ያው አንደኛው ነው፤ አልበረደልኝም።

ስለዚህ ሲሚንቶው ይነሳልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና፣ ጥርሴን ነክሼ እለምናለሁ።

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጭቃ በሞላው እግሬ ቆሜ፣ እጅ እየነሳሁ፣
አክባሪዎ
የልብስ ሰፊዋ የወንድም ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኛ መልስዎን ልንጠብቅ ብንልም ደብዳቤው ሳይላክ ደመናው ቀደመን። ስለዚህ ከጎረቤቶች ጋር ሆነን በአክስቴ ደጃፍ ያለውን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ፈልፍለን አወጣነው። ትናንት ዶፍ ወረደ፤ ሁሉም ሰረገ። የመንግሥት ንብረት አበላሻችሁ ብለው ከከሰሱን፣ መጥሪያውን ለአክስቴ ይስጡልኝ። እሷ ቤት አይረጥብም።