ቢጫው ጆግና የክላረንስ ቁር

ቤከርስ ክሪክ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2013

ለምወድሽ ልጄ ለጆዲ፦

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ሸጥሽው ወይስ አልሸጥሽውም? በአንድ ቃል መልሽልኝ» አልሽኝ። እኔ በአንድ ቃል የምመልሰው ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩን ዘግቼ ወረቀት ገዛሁ። አንቺም ባልሽም ልጆቹም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ስለሚነግረኝ ብዙ አላማውም። እግሬን ግን ይበርደኛል። እናንተ አገር ከሰው በግ ይበዛል ብለሽኝ ነበር፤ እንግዲያው ለእናትሽ አንድ ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አይጠፋም። ግራጫ ይሁን። ይህን እንዳትረሺ፤ የደብዳቤው ዋና ጉዳይ ካልሲው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልመለስ። አባትሽ በማርች ካረፈ ጀምሮ የምትዪኝ ያንኑ ነው። የአባዬን ኮተት ሽጪ፣ ቤቱን ሽጪ፣ ከገና በፊት ወደ ዌሊንግተን ነይ፣ ባሕሩ የሚታይበትን ክፍል ቀለም ቀብተን እየጠበቅንሽ ነው። ተባረኪ ልጄ። እኔም እሺ ያልኩሽ ከልቤ ነበር። ሰው ሲሞት ቤቱ ይሰፋል ይላሉ። የእኛ ቤት ግን ሰፍቶ የሚታይበት ቦታ የለውም። መደርደሪያው ሁሉ የድሮ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች የቆዳ ራስ ቁር ነው። ደረጃው ላይ እንደ ሐብሐብ ያበጡ አሮጌ ኳሶች ተደርድረዋል፤ የፎጣ መስቀያዬ ላይ ባለ ማሰሪያ የሸራ ጃኬት ተንጠልጥሏል። አያቶቻችን አፍንጫቸው እንዳይሰበር በጥርሳቸው ነክሰው ይይዙት የነበረው የጎማ አፍንጫ ደግሞ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት ሳህን ሳጥብ ያየኛል።

መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ክላረንስ አለ። አባትሽ ከተዘጋ የልብስ መደብር ያመጣውን አሻንጉሊት ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ። ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረ ተጫዋች ከእግሩ እስከ አንገቱ ድረስ አልብሶት ራሱን ግን ባዶውን ተወው። ቤቱ በቁር ተሞልቶ ሳለ «ለክላረንስ የሚመጥን ቁር ገና አልተገኘም» ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው በመስኮት አይቶት ሰላም ብሎታል። መልስ ሲያጣ ጊዜ ተቀየመና «የአርዲስ አዲሱ ሰውዬ ኩራተኛ ነው» ብሎ ለጎረቤት አወራ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ባሌ ዓመት ሳይሞላው እንዴት ብለው እስካሁን በጎሪጥ ያዩኛል።

በሽያጩ የሚያግዘኝ መርል ፕሩዊት ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ የነበረው፣ አንቺን «ቀጭኗ» እያለ የሚጠራሽ። አባትሽና እሱ ወዳጅም ባላንጣም ሆነው ነው የኖሩት። የባላንጣነታቸው ምክንያት አንዲት አናቷ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ቁር ናት። እንዲህ ያለች በኦሃዮ ሁለተኛ የለችም ይላሉ። መርል የአንድ ሟች ሐኪም የቤት ዕቃ ሲሸጥ ከአባትሽ አፍ ነጥቆ እንዴት እንደገዛት ለሰማው ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። በእኛ ማዕድ ላይ እንኳ ስንት ጊዜ አወራው። አባትሽ አንገቱን ደፍቶ የጋገርኩለትን ፓይ ይበላ ነበር። እኔም በልቤ ሞኝ ነው እለው ነበር።

ነጋዴ እንዳያታልለኝ መርል ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያስተምረኝ ጀመር። የመጀመሪያው ሕግ አሮጌ ቆዳ አይታጠብም የሚል ነው። ትምህርቱ ትንሽ ዘገየ እንጂ መልካም ነበር። እኔ የገዢ ዓይን ይስባል ብዬ አንዱን ቁር በሳሙና ፈትጌ፣ በዘይት ወልውዬ፣ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ። መርል በመስኮት አየውና ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆቡንም አወለቀ። «የመቶ ዓመት ላብ ነበረው እኮ» አለኝ። ለካ ዋጋው ላቡ ኖሯል። ሲገዙም እንደ ቅቤ ገዢ አፍንጫቸውን ከተው ያሸቱታል።

ሁለተኛው ሕግ ነው ጉድ ያመጣው። የምትፈልጊውን ዕቃ በፍጹም አትዪው አለኝ። ዓይንሽ ካረፈበት ባለቤቷ ዋጋውን ሰማይ ትሰቅለዋለች። ከጎኑ ያለውን የማይረባ ነገር አንሺ፣ እሱን ተከራከሪበት፣ ግዢው፤ ስትወጪ «ያንን አሮጌ ቆዳም ለልጆች መጫወቻ ጨምሪልኝ» በያት። እኔ ሳቄ መጣ። መቼም ለወሬ ያህል፣ አባትሽ ኤልደን ምን ምን ያነሳ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። መርል ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መዝሙር ይዘረዝረው ጀመር። የዳቦ መጥበሻ። የዋፍል መጋገሪያ ማሽን። ባለ በቀቀኑ የጠረጴዛ መብራት። የፀጉር ማድረቂያ።

ልጄ፣ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። የዋፍል ማሽኑ የሃያኛ ዓመት ጋብቻችን ስጦታዬ ነበር። ለካ የተገዛው የጎማውን አፍንጫ ለመደበቅ ነው። ባለ በቀቀኑን መብራት የልደቴ ቀን አቅፎ ሲገባ አልቅሼ ስሜዋለሁ፤ እሱ የሸራው ጃኬት ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ያመጣልኝ የፀጉር ማድረቂያ ሁለት ቁር ነው። ሦስት የዳቦ መጥበሻ ለምን እንዳለን ስትጠይቂኝ «አባትሽ ዳቦ ይወዳል» እልሽ አልነበር? አንቺም አልተረፍሽም። የእንጨት ፈረስሽ የተገዛው ከጎኑ ለነበረው የቅልጥም መከላከያ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም። ቢሆንም ፈረሱን ሲቀባልሽ ሁለት ሳምንት ጋራዥ ውስጥ አምሽቷል፤ ለማስመሰያ ማንም እንዲያ አይደክምም።

ዕድሜዬን በሙሉ የቁር መጋረጃ ሆኜ መኖሬ ነው ብዬ አረርኩ። በዚያ ሳምንት ክላረንስን እንኳ ደህና ዋል አላልኩትም። ከኮሎምበስ ሆላንደር የሚባለውን ነጋዴ ደውዬ ጠራሁና ከቁር እስከ ጫማ ማሰሪያ ጠራርገህ ውሰድልኝ፣ ቤቱንም ልሸጥ ነው አልኩት። ያን ዕለት ብትደውዪልኝ ኖሮ በአንድ ቃል እመልስልሽ ነበር።

ሆላንደር ትናንት መጣ። ለስላሳ ጫማ ያደረገ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ሰው ነው። መርልም በክላረንስ አጠገብ ተቀምጦ ፓይውን ይበላል። ሆላንደር በቁሮቹ መሀል እንደ ዕውር አለፈ፤ አንዱንም አላየም። ወጥ ቤት ገባና መስኮቱ ላይ ማማሰያዎቼን የማስቀምጥበትን ቢጫ ጆግ አንስቶ ዋጋው ስንት ነው አለኝ። ከጎኑ ያለው የጎማው አፍንጫ ነው። ዘዴው ገብቶኝ ሳቅሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ማማሰያዎቹን ላውጣና በነጻ እጨምርልሃለሁ አልኩት።

ይኼኔ መርል ሹካውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ጆጉ አይሸጥም።»

«ደግሞ የማንን ጆግ ነው የምትከለክለኝ?» አልኩት።

«የኤልደንን። ስሚ አርዲስ፣ ይኼ ጆግ ከዚያ ከሐኪሙ ቤት የመጣ ነው። እኔ ያቺን ቁር የገዛሁ ዕለት።»

የሐኪሙን ቤትማ ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ነጥቀህ የገዛህበት ነው አልኩት።

«አልነጠቅሁም» አለ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ከሰልፉ አንደኛ ኤልደን ነበር። ቁሯን በእጁ ይዟታል። አገላበጣት፣ አሸተታት፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ‹ለዚህ አሮጌ ጫማ?› ብሎ ሴትዮዋ ላይ ጮኸ። ከዚያ የተናደደ መስሎ፣ ‹እንግዲያው ባዶ እጄን ከምሄድ ያንን ቢጫ ጆግ ስጪኝ› አለና ቁሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። የሽያጭ ቤት ሕግ ታውቂያለሽ፣ ያስቀመጥሽው ያንቺ አይደለም። ከኋላው መሆኔንም ያውቃል። እኔ ብድግ አደረግኋት። መኪናው ጋ ‹አብደሃል እንዴ?› ስለው፣ ‹ሴትዮዋ ጆጉን እንደምፈልገው ብታውቅ መች በርካሽ ትለቀው ነበር› አለኝ። ‹የአርዲስን እናት ጆግ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ አምሳያውን ስፈልግ ነበር።›»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ነጠቅሁት ማለት ደስ ይለኝ ነበራ» አለ መርል። «እሱም እንዳልናገር አስምሎኛል። ‹ካወቀች የዳቦ መጥበሻዎቹን መጠርጠር ትጀምራለች› ብሎ።»

ጆዲ፣ የእናቴን ጆግ ሲሰብር ታስታውሺያለሽ? የትከሻ መከላከያ ለብሶ ለክላረንስ እያሳየው ሲዞር ነበር። ሳምንት አላናገርኩትም። በዓመቱ ይህንን ቢጫ ጆግ ይዞ ሲመጣ ያልኩትን ትናንት ወጥ ቤት ቆሜ አስታወስኩት። «የእናቴ እጀታው ቀጠን ይል ነበር» ነው ያልኩት። ከዚያ ማማሰያዎቼን ሰካሁበት። እሱም «ለማማሰያም ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ያቺን የሚያክል ቁር ትቶልኝ መምጣቱን አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። በየማዕዱ መርል ሲፎክርበት ዝም ብሎ ፓይውን ይበላ ነበር። እኔም ከመርል ጋር እስቅበት ነበር።

አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ጆጉን ታቅፌ ሆላንደር ፊት አለቀስኩ። እሱ ምስኪን ዋጋ ማስወደጃ መስሎት መቶ ዶላር ጨመረ።

እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ለሆላንደር የመጨረሻ ቃሌን ነገርኩት። ከዚህ ቤት ቁር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የዳቦ መጥበሻ ይገዛል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ እንደማልቀልድ ገባው። ሁሉንም አልሰጠሁትም፤ ስድስት ቁርና የጎማውን አፍንጫ ወሰደ፣ ከነዋፍል ማሽኑ፣ ከነበቀቀኑ፣ ከነሦስቱ የዳቦ መጥበሻ። ያጠብኩትን ቁር አሸተተና ምርር ባለ ፊት የአበባ ሽታ አለው አለኝ። እሱን መረቅሁለት። ፒክአፑ ሲሄድ በቀቀኑ ከኋላ መስኮት ያየኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ስጠላው ነው የኖርኩት። የአባትሽ ስጦታ ሁሉ መጋረጃ ቢሆን አንዱ ግን እውነት ነበር። በትዳር ይህም ቀላል ምርት አይደለም።

መርል ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ቦርሳ ይዞ መጣ። መመገቢያ ክፍል ገብቶ ያቺን አናቷ ጠፍጣፋ ቁር አወጣና ክላረንስ ራስ ላይ ደፋት። ልክክ አለች። ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«መርል» አልኩት፣ «ያስቀመጥከው ያንተ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ከዚያ ፓይ በላና ሄደ።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ። ቤቱን አልሸጥም ልጄ። አትቆጪኝ። ባሕሩ የሚታይበትን ክፍል ለትልቋ ልጅሽ ስጫት፣ ክፍሌ ጠበበኝ ትል የለ። እኔ እዚህ ሥራ አለብኝ፤ በመጪው ቅዳሜ በአቅራቢያችን አንድ የሟች ቤት ሽያጭ አለ፤ መርል ጋራዡ ውስጥ አሮጌ የቅልጥም መከላከያ አይቻለሁ ብሎኛል። ያየው ግን ዓይኑን አፍጥጦ ነው፤ እንዳላበላሸው እፈራለሁ። እኔ አንድ የልብስ ካውያ ይዤ እከራከራለሁ።

ማማሰያዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጆጉን አጥቤ፣ እሱስ ይታጠባል፣ ውኃ ሞልቼ ማዕዱ ላይ በአባትሽ ቦታ አኑሬዋለሁ። እጀታው ለእጄ ልክ ነው።

እግዚአብሔር ቤትሽን ከነሳቁ ይጠብቅልሽ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ባልሽም የሚሰብረው ነገር ቢኖር የሚተካ ይሁን።

የካልሲውን ነገር አደራ። ግራጫ፣ ወፍራም። በፖስታ ግን እንዳትልኪው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ጥቅል መንገድ ላይ ይጠፋል ይላሉ። ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ለምስጋና ቀን ገና አምስት ሳምንት አለ። ይዘሽው ነይ።

እናትሽ
አርዲስ