ለማይመጣ እንግዳ የተሰፋ ድባብ

የካቲት 4

አሠሪዬን ሲኞራን አጠብኳት፣ አበላኋት፣ ተጣላኋት። ጥርሷን የምታስቀምጥበትን ብርጭቆ ዛሬም አልጋዬ ላይ ደፋችው። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ትሻላለች። እኔን ቀብራ ሌላ ሠራተኛ ትቀጥራለች።

ከሰዓት ወደ ቤተክርስቲያን ሄድኩ፣ የእኛን ክፍል ለመጥረግ። የእኛ ማለቴ… የካቶሊኮቹ ነው። የደብሩ አለቃ ዶን ፋውስቶ የጎኑን ጸሎት ቤት እሑድ እሑድ ያውሰናል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። አባ ገብረንጉስ ይቀድሳሉ፣ ጤናዬ ታዛለች፣ እኔ ወለል እጠርጋለሁ።

ዶን ፋውስቶ ጠርቶ ፎቶ አሳየኝ። ሳቄ መጣ። ድባብ! ቀይና ቢጫ ሐር ሆነ እንጂ አባቴ ደብረ ታቦር ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው ድባብ ነው። የወርቁን ክር የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

ነገሩን እንደ ሕፃን አስረዳኝ። ቤተክርስቲያኑ "ባዚሊካ ሚኖሬ" ሊባል ነው። ከነቅዱስ ጴጥሮስ በታች ያለ ማዕረግ፣ ከቫቲካን የሚሰጥ። በሩ ላይ የፓፓው ቁልፎች ይሳላሉ። እንጨት ላይ የተሰቀለች ትንሽ ደወል ትመጣለች። ድባቡ ደግሞ መሠዊያው አጠገብ ይቆማል፣ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ፓፓው የመጡ ቀን ነው።

"ይመጣሉ?" አልኩት።

"ማን ያውቃል?" ብሎ ሳቀ።

አሎራ… እንግዲህ ግድግዳው ያው፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ያው። ስሙ ብቻ ከፍ ይላል፤ ለማይመጣ እንግዳም ጃንጥላ ይዘው ይጠብቃሉ። ጉድ ነው።

ግን እጄን በላኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሮም ስኖር ይሄ እጅ መወልወያና የሽማግሌ ሽንት እንጂ ሐር ይዞ አያውቅም። እንድሰፋለት ሲጠይቀኝ እሺ አልኩ።

የካቲት 8

ከቅዳሴ በኋላ ለጤናዬ ነገርኳት። ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጣች ናት፤ የምእመናኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ አንገቷ ረዝሟል።

"ለእነሱ?" አለች። "ለእኛ ታቦት ያልሰፋሽውን?"

እናንተ መቼ ጠየቃችሁኝ? አሥራ አንድ ዓመት የጠየቃችሁኝ ወለል እንድጠርግ ነው። ይሄን አላልኳትም። እዚህ ጻፍኩት።

መጋቢት 12

ልኬት ልወስድ ሄድኩ። ዶን ፋውስቶ ስልክ ሊያነሳ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የቤተክርስቲያኑ ፕላን ተዘርግቷል። የእኛ ጸሎት ቤት በቀይ ተሰርዟል። በላዩ "ኮንፌሲዮናሊ፣ አራት" ተብሎ ተጽፏል። የንስሐ ሳጥን ማለት ነው፣ ካህኑ ውስጡ ተቀምጦ የሚያናዝዝበት።

ተመልሶ ሲመጣ ዓይኔን አየ። በሩን ዘጋ።

"ባዚሊካ ሲሆን ሰው ከሩቅ ይመጣል። ንስሐ የሚቀበል ካህን ሁልጊዜ መኖር አለበት፤ የቫቲካን ፎርሙም ይጠይቃል። ሌላ ቦታ የለኝም። ከፋሲካችሁ በኋላ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ዝም በይ።"

"ዝም ባልልስ?"

"ወሬው ከወጣ ድባቡን መነኩሲቶቹ ይጨርሱታል።" በፈገግታ ነው ያለው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ግን እንደ አባት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ። ምላሴ እንዴት ፈጠነ?

መጋቢት 20፣ እሑድ

ጤናዬ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ቱስኮላና አካባቢ ያለ ሌላ ደብር አዳራሽ ሊሰጠን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የእኛ፣ ከነቁልፉ። ግን መልስ የሚፈልጉት እስከ ነገ ነው፤ ሌሎች ተሰልፈዋል። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ የለመድነውን አንለቅም ብሏል።

"አንቺ ውስጡን ታውቂያለሽ" አለችኝ። "ዶን ፋውስቶ ያባርረናል እንዴ? እንሂድ ወይስ እንቀመጥ? እታግዬ፣ የምሰማው አንቺን ነው።"

የምሰማው አንቺን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብላኝ አታውቅም።

አሥራ ሁለት ቁራጭ ሐር ነው፤ አሥሩን ጨርሻለሁ። ሁለት ይቀረኛል። የወርቁን ጠርዝ ገና አልነካሁትም…

"ማን ይነካናል?" አልኩ። "እንቀመጥ።"

ሳመችኝ። አባ ገብረንጉስ ድባብ እንደምሰፋ ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ጆሯቸው ከብዷል። "ለእግዚአብሔር ቤት ነው የምትሰፊው፣ የማንም ይሁን። እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። እጄን ይዘው ባረኩት።

መጋቢት 21

አዳራሹ ለሌሎች ተሰጠ አሉ። የወርቁን ጠርዝ ጀመርኩ። ያምራል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ያምራል።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አራት መስመር። እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ይላል። ጤናዬ ጮክ ብላ አነበበችው። አባ አልሰሙም ነበር፣ ሁለተኛ አነበበችላቸው።

"ምንም አልሰማሽም ነበር?" አለችኝ።

"ምንም" አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ይቀላል።

ሚያዝያ 13

ቺቶፎኖው፣ የታችኛው በር መጥሪያ፣ ጮኸ። ጤናዬ ናት። "ወደ ላይ ውጪ" አልኳት።

"አልወጣም። ትናንት ዶን ፋውስቶን ልንለምን ሄደን ነበር። 'እታገኘሁ ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች፣ አልነገረቻችሁም?' አለን። እውነት ነው?"

መነጋገሪያውን ይዤ ቆምኩ። ሲኞራ ከመኝታ ቤት ትጣራለች።

"እንቀመጥ ስትዪኝ ድባቡ አልቆ ነበር?" አለች ጤናዬ።

"ሁለት ቁራጭ ቀርቶኝ ነበር።"

"ሁለት ቁራጭ" አለች። ከዚያ ኮቴዋን ሰማሁ፣ ሄደች።

ለምን ዋሽቼ አላቀለልኩትም? ደግሞስ ምን ብዬ?

ግንቦት 16

የባዚሊካው ቀን። በሩ ላይ ቁልፎቹ ተስለዋል፣ ቀለማቸው ገና ይሸታል። ዶን ፋውስቶ ቀይ ጠርዝ ያለው ጥቁር ካባ ደርቦ በየመስታወቱ ፊት ይቆማል። ጸሎት ቤታችን ውስጥ አራቱ ሳጥኖች ገብተዋል።

ድባቡን በር ላይ ይዤ እንድቆም ፈቀደልኝ። ጳጳሱ ሲያልፉ ለአንዲት መነኩሲት ላቀብል። ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፣ ግማሽ ብቻ።

ጳጳሱ ገቡ። ያቺ ትንሽ ደወል ጮኸች። ከዚያ እኔ አይደለሁም… እጄ ነው። ደወል ሲጮህ ድባብ ይከፈታል፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። ሙሉውን ከፈትኩት። እልልታዬም ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቁ። "አ ሜታ! አ ሜታ!" አለ ዶን ፋውስቶ በጥርሱ መሃል፣ ግማሽ ግማሽ ማለቱ ነው። መነኩሲቷ ከእጄ ነጠቀችኝና እንደ ባለጌ ልጅ አፍ ዘጋችው።

የታደለውን ወረቀት አነበብኩ። "ድባቡ የደብሩ ሴቶች ስጦታ ነው" ይላል። የደብሩ ሴት አይደለሁም።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ዝናብ። ከትራም ስወርድ መናፈሻው ውስጥ አየኋቸው። ከዛፍ ሥር ቆመው ይጸልያሉ። አርባ የነበሩት አሥራ አምስት አይሞሉም። አባ ገብረንጉስ አጥንቱ በተሰበረ፣ ፌርማታ ላይ በሚሸጥ ርካሽ ጃንጥላ ሥር ናቸው፣ አንድ ትከሻቸው ርሷል። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ፈቃድ አላችሁ ወይ ይላሉ። ጤናዬ ታስረዳለች።

ፖሊሶቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። (ፈሪ!) ከዚያ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ ጭቃው ላይ። ይቅር በይኝ አልኳት።

አላነሳችኝም። "ባዚሊካሽ ይቅርታ ይሰጣል አሉ። ከነቀኑ በሩ ላይ ተለጥፏል። እዚያ ሂጂ።"

አባ ግን አዩኝ። "ልጄ፣ የት ጠፋሽ? አሞሽ ነበር?" አሉና ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዘነበሉ። "እጅሽ ይባረክ።"

ጤናዬን አየኋት። ዓይኗን መለሰች። አልነገሯቸውም። ለእኔ ብለው አይደለም፣ ልባቸው እንዳይሰበር ነው።

ሰኔ 22

በእነሱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው። የእኛ ገና ነው፤ እኛ ጾም ላይ ነን። ሄድኩ። እውነትም ተለጥፏል። ተናዞ፣ ቆርቦ፣ በነዚህ ቀናት ባዚሊካውን የተሳለመ የኃጢአቱ ዕዳ ሁሉ ይነሳለታል። የዛሬው ቀን አለበት። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ምእመን ራሱ ይመርጣል ይላል። ከተመረጠስ መጋቢት 20ን እመርጥ ነበር። ግን ለእነሱ ሰው ነው የተጻፈው።

ቢሆንም ከአራቱ ሳጥኖች አንዱ ሥር ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ያረፈው አባ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ወለሉን አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

"ንገሪኝ" አለ ድምፁ ከወንፊቱ ጀርባ። ዶን ፋውስቶ ራሱ ነው።

ልነሳ አሰብኩ። አልተነሳሁም። ሁሉንም ነገርኩት፣ እሱ የማያውቀው ይመስል። አዳራሹን፣ ሁለቱን ቁራጭ፣ ጤናዬን።

"ይሄማ ኃጢአት አይደለም፣ እታገኘሁ" አለኝ። "መታዘዝ ነው። ሰላምሽን ይዘሽ ሂጂ።" ከዚያ ጨመረ፦ "ስትወጪ ድባቡን እዪው፤ እጥፋቱ ውስጥ አቧራ ይገባል። በየሳምንቱ ብታራግፊልን?"

ቫ ቤኔ ሊል ምላሴ ተነስቶ ነበር። ነከስኩት።

ድባቡ አጠገብ ቆምኩ። ወርቁ አሁንም ያምራል። አልነካሁትም።

እሑድ መናፈሻው ሄጄ ለአባ ገብረንጉስ እነግራቸዋለሁ። እኔው በአፌ፣ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ እስኪሰሙኝ ጮክ ብዬ። ይህን እጅ የሚባርክ አንድ ሰው ነበር የቀረው። ከእሑድ በኋላ እሱም አይኖርም።