ፀሐይ ላይ የተተከሉት ዶግውዶች

ሐምሌ 20፣ ጠዋት
ሙዲን ቁርስ ሳይቀምስ ጓሮ ወርዷል። ሦስቱን ዶግውዶች እየነቀለ ነው። ጥላ የሚወዱ ዛፎች ናቸው፤ አቮካዶው ሥር ከዘር አሳድጓቸዋል። የዚህ አገር ሐምሌ ብርድ ነው፤ ቅጠላቸው ረግፏል። ብርዱ ሳያልፍ መዛወር አለባቸው ይላል። ወዴት? ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ሁለተኛ ሚስቱ ቤት። ሥራቸውን በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልል ሕፃን የሚያቅፍ ይመስላል። እኛ ልጅ የለንም፣ ማስታወሻዬ። ታውቂያለሽ።

ሐምሌ 23
አተኩሶታል። ይስላል። ኮቪድ ነው አሉት። በእኔ ተራ ታመመ፤ እኔው ጋ ይቆያል። የጓሮውን ክፍል ሰጠሁት። ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ። ከውስጥ፣ "ሰሚራዬ፣ ዛፎቹን ጥላው ሥር መልሰሽ ትከያቸው፣ አደራ" አለኝ። ሰሚራዬ! ከየት ትዝ አለው?

ሐምሌ 25
ተከልኳቸው። መሃል ግቢ፣ ጥላ የሚባል በሌለበት፣ በመስኮቱ ትይዩ። አልጋው ላይ ሆኖ በደንብ ያያቸዋል።

ነሐሴ 10፣ ከሰዓት
ዘይነባ መጣች። ሁለተኛዋ። በማስክ፣ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ። ልጅ እግር ናት። ዓይኗ አብጧል። "እትዬ ሰሚራ፣ ድምፁን ብቻ ልስማ" አለች። ተኝቷል አልኳት። ሊያይሽም አይፈልግም ብዬ ጨመርኩበት። በሩን ዘጋሁ። ሾርባውን ራሴ ጠጣሁት። ይጣፍጣል። ይበልጥ ተናደድኩ።

ነሐሴ 21
በታመመ ሰሞን ቻርጅ ላድርግልህ ብዬ የወሰድኩትን ስልክ ዛሬ መለስኩለት። መልእክቶቿን አጥፍቻለሁ፣ ቁጥሯንም ዘግቻለሁ። እሱ እንዳይደውል ደግሞ ስሟ ሥር ካለው ቁጥር አንድ አሃዝ ለውጫለሁ። ደወለ። አይነሳም። "አልመጣችም?" አለኝ። አልመጣችም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደስ አለኝ። ወጥ ቤት ስገባ ሻይ ደፋሁ።

መስከረም 6፣ ቀትር
ዶግውዶቹ ለምለም ቅጠል አውጥተው ነበር፤ ፀሐዩ ጠበሰው። ዝናብ የለም። ሙዲን ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ። የአልጋውን አንሶላ ገፎ በእንጨት ወጠረላቸው። ሥራቸው ቁጭ ብሎ ያለከልካል። "ምን አደረግሽ?" ይላል። ፀሐይ ይጠቅማቸዋል መስሎኝ ነው አልኩት። ለዛፎቹ ውሃ ለመነኝ። ውሃ ጠፍቷል አልኩት። ከኋላዬ ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ይፈሳል።

መስከረም 19
ሦስቱም ደረቁ። ነቅሎ ጣላቸው።
ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕድ ቀረበ። "ያቺ ከሃዲ! አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቀኝ! ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" ብሎ አጎረሰኝ።
ይህን ነበር የፈለግኩት። ግን እንዴት ቀለለው! አልተጠራጠረም፣ ቤቷ ሄዶ በር አላንኳኳም። ልክ እኔን እንደጣለኝ ጣላት።

መስከረም 21
ዘይነባ ቤቷን ለቃ ደርባን ወንድሟ ጋ ሄደች አሉ። እሱ አልሰማም። ነገ ዲፕስሉት ሰፈር ያለውን ሱቁን ሊከፍት ይወጣል። ይህ ቤት በእኔ ስም ነው። ቁልፍ ቀያሪ ጠርቻለሁ፤ ሙዲን እንደወጣ ይመጣል። ልብሱን በሻንጣ በር ላይ አደርግለታለሁ። ስለ ሾርባው አልነግረውም። እንደከዳችው እያሰበ ይኑር።