ስለ እናቴ ሳይጠይቀኝ ያናገረኝ ሽማግሌ

ይድረስ እጄን ይዘሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ ደረጃ ላይ የጣለሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? የጋሼ ሳል ቀለል አለላቸው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቁ ትምህርቱን ያዘው ወይስ አሁንም ኳስ ነው? ድንቡሼስ ጫማዋን ግራና ቀኙን አዛውራ መጫማቱን ተወችው? እኔን ከጠየቅሽኝ ጤነኛ ነኝ፤ በልቼ አድራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። እማዬን እዚህ ላይ አልጠይቅሽም፤ ከሌላው ጋር ደርቤ ልጠይቃት አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤ እሷ ፊት እንዳታነቢው። ጓዳ ግቢና በሩን መለስ አድርጊው። እትዬ፣ አልመጣም። በስልክ እንዳልነግርሽ አልጋሽ ከሷ አልጋ አጠገብ ነው፤ እኔም ድምፄ ይከዳኛል። አራት ጊዜ ደውለሽ ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ወረቀቱን አብሮኝ የሚኖረው ወጥ ቤት ሠራተኛ ይዞልሽ ይመጣል። እኔ ልሳፈርበት በነበረው አውሮፕላን ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ እስከ ቀትር ነው የምሠራው። እንደምታውቂው ሥራዬ ከሆቴሉ ምድር ቤት ነው፤ አንሶላ ከማድረቂያው እየጎተትኩ በትልቁ መተኮሻ አሳልፋለሁ። አለቃችንን ስንት ለምኜ፣ ስንት ደጅ ጠንቼ የሃያ ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ። እናቴ ታማለች ስለው የሁሉም እናት ታማለች ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ሰለቸውና ፈረመልኝ። የቲኬቱን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ከሸሚዜ ሥር አስገባሁ። አንቺ፣ እማዬ ዘንድሮን የምትሻገር አይመስለኝም፣ ዓይንህን ሳታይ እንዳትሄድ ካልሽኝ ወዲህ ያ ፖስታ ከደረቴ ተለይቶ አያውቅም።

ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቲኬት ቢሮው ስሄድ፣ ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ መውጫ ላይ ሰዎች ክብ ሠርተዋል። መሀል ላይ አንድ ጣቱ ቀጭን ሰውዬ የተገለበጠ ካርቶን ላይ ሦስት ካርታ ያገላብጣል። ሁለቱ ጥቁር፣ አንዷ ቀይ። እትዬ፣ አውቀዋለሁ እኮ። ልጅ ሆኜ መናኸሪያው ጋ እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ቆሜ ስታገኚኝ ጆሮዬን ይዘሽ እስከ ቤት የጎተትሽኝ እኔው ነኝ። እንዲያውም ያንን አስታውሼ ፈገግ ብዬ ልሄድ ነበር።

አንድ ድምፅ ከኋላዬ በአማርኛ፣ ወንድሜ ቀይዋ ጫፏ የታጠፈችዋ ናት አለኝ። ዘወር ስል ፀጉራቸው የነጣ፣ ኮታቸው የተተኮሰ የሀገራችን ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ። እዚህ ሀገር መንገድ ላይ ወንድሜ የሚለኝ ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እጄ ያልለመደበት ስለሆነ አንተ ጠቁምልኝ አሉኝ፤ ለሽማግሌ እንዴት እንቢ ይባላል? በሳቸው ገንዘብ ጠቆምኩ፤ ቀይ ወጣች። ድርሻህ ነው ብለው ከበሉት ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ስግብግብ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይዤ እሮጥ ነበር። እኔን ያዘኝ ይሉኝታ። ካርታ አገላባጩ አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ ሽማግሌው ተረጎሙልኝ፤ የልጆቼን ራት ይዘው ሊሄዱ ነው ይላል አሉኝ። የሰው ሐዘን ይዤ እማዬ ፊት ልቀርብ ነው ብዬ፣ መልሼለት ንጹሕ ሆኜ ልሄድ ፈለግሁ። በደረቁ ብሰጠው ለማኝ ያደረግሁት ይመስለዋል ብዬ ድርሻዬን አስይዤ ሆን ብዬ ያልታጠፈችውን ጠቆምኩ። ልሸነፍ ብዬ። ቀይ ወጣች። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። መሸነፍ እንኳ ከለከሉኝ እትዬ።

አሁን ሰውዬው ልከፍልህ እችላለሁ፣ ግን ብትሸነፍ መክፈል ትችል እንደነበር አሳየኝ አለ። ሽማግሌው ማሳየት ብቻ ነው፣ አሳየውና ይህን ሰው አሳርፈው አሉኝ። ፖስታውን ካርቶኑ ላይ አኖርኩት። በአንድ ጣቴ ይዤው ነበር። ያቺን ጫፏ የታጠፈችዋን ጠቁምና እንጨርስ ሲሉኝ ጣቴን ከፖስታው አንስቼ ጠቆምኩ። ጥቁር። ወዲያው አንዱ ፖሊስ ብሎ ጮኸ፤ ክቡ ተበተነ፤ ያጨበጨበልኝ ሁሉ ሮጠ። እኔና ካርቶኑ ቀረን።

ፖስታው የለም። እዚያው ያለ ጥበቃ ስነግረው ሳቀብኝ። ወጥ ቤት ሠራተኛው ግን አልሳቀም፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ባዶ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ፤ ያለው ሁሉ በራሱ ቲኬት አልቋል። አለቃዬን የቅድሚያ ደመወዝ ብጠይቀው ፈቃዱንም ልሰርዘው ወይ አለኝ። ራሴን ጠላሁ። አንሶላ ስተኩስ እማዬ የተኛችበት አንሶላ እየመሰለኝ እጄን ሁለት ጊዜ አቃጥያለሁ።

ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እዚያ መተላለፊያ ስሄድ ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ኮታቸውን ያዝኩ። አልተቆጡም። እኔም እንዳንተ ተበልቼ ነው የገባሁበት አሉ። ፊቴ በዚህ አካባቢ ታውቋል፤ አንተ አዲስ ነህ፣ ፊትህ የዋህ ነው፣ የሀገርህን ሰው ስታይ አንዲት ቃል ብቻ ትላለህ፤ በሳምንት ቲኬትህን ትቆርጣለህ አሉኝ። እትዬ፣ እሺ አልኩ። አሁን ጆሮዬን ያዢ። እማዬን አስቤ እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን ልበልሽ።

በማግስቱ ቆምኩ። የጽዳት ልብስ የለበሰች፣ ፌስታል ያንጠለጠለች ልጅ መጣች፤ ከመልኳ የእኛ ልጅ ናት። ሽማግሌው ከሩቅ ዓይናቸውን ጣሉብኝ። እህቴ፣ ቀይዋ የታጠፈችዋ ናት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አፌን ስከፍት እንደምን ዋልሽ የሚል ወጣ። እሷም ደንግጣ፣ ፊቷ በርቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አንተስ አለችኝ። ደህና ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ ደህና ናቸው፣ ተባባልን። እናትሽ ደህና ናቸው? አልኳት። ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች። ደህና ናት፣ አባቴ ከሞተ ብቻዋን ናት፣ ወንድሜ ደግሞ እንዲህ ነው እያለች ቤቱን በሙሉ አመጣችልኝ። የሚያጨበጭቡት ሰለቻቸው። አገላባጩ እግሬን ረገጠኝ። እኔ ግን ያልጠየቅሁት ዘመድ እስኪጠፋ ጠየቅኋት። ካርቶኑን አጥፈው ሄዱ፤ ሽማግሌው ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ቲኬቴም በዚያው ሄደ።

በኋላ እሷ ተራዋን፣ የአንተስ እናት? አለችኝ። ደህና ናት ማለት አቃተኝ። መንገድ መሀል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽማግሌው በአማርኛ ወንድሜ ሲሉኝ እንደምን ዋልክ አላሉም። ከየት ነህ አላሉም። እናትህ እንዴት ናቸው አላሉም። እንዲህ አድርጎ ሰላምታ የሚጀምር የእኛ ሰው የት አለ? ያኔ ቢገባኝ ኖሮ ዛሬ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነበር።

እንግዲህ እማዬን ምን እንደምትያት እኔ አላውቅም። ብቻ መንገድ ላይ ነው እያልሽ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር አንገቷን ቀና እንዳታስደርጊያት። አይመጣም በያት። ተታልሎ ነው በያት። እሺ ማለቴን ግን አትንገሪያት፤ እሱ በአንቺና በእኔ መሀል ይቅር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዢልኝ። መልስ መስጠት ባትችልም ግዴለም፣ እስትንፋሷን እሰማለሁ። እባክሽ እስከ እሑድ አቆዪልኝ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ የላኩላቸው ሹራብ ከወጥ ቤት ሠራተኛው ጋር ነው። ለትልቁ፣ ካርታ የሚባል ነገር በእጁ እንዳይነካ፣ ከነካም ጆሮውን ያዢው፤ አጎትህ ነው ያዘዘኝ በይው። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን፣ እማዬን ለምታገላብጥልን፣ ብድሯን አምላክ ይክፈላት።

እማዬ እንዴት ናት? ትበላለች? ትተኛለች? ስሜን ትጠራለች? የኔን ሰላምታ አታድርሺላት፤ በራሴ አፍ ነው የምሰጣት። ይልቅ ያቺ ልጅ ስትለየኝ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ ብላኛለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። የሷን አድርሺላት።

ወንድምሽ
ከማጠቢያው ምድር ቤት፣ ከሦስተኛው ማድረቂያ ጎን
ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን