የልጄ ድምፅ ከመወገዱ በፊት

ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮልፌ ቀራንዮ ምድብ የወንጀል ችሎት
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ረሻድ ኸይረዲን፣ የሟች ኢብራር ረሻድ አባትና ወራሽ

ጉዳዩ፦ እንዲወገድ ከታዘዘው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የልጄ ነሺዳዎች አስቀድመው እንዲገለበጡልኝ ስለመጠየቅ

የተከበረው ችሎት ይህን አቤቱታ በትዕግሥት እንዲያነብልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ልጄ ኢብራር ለሠርግና ለመውሊድ ነሺዳ ያዜም ነበር። በ2009 ዓ.ም. ስቱዲዮ ገብቶ ጥቂት ነሺዳዎች ቀረጸ። ሥራው ገና ሳያልቅ ሾልኮ ወጣና አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ መህዲ የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ለመጣ ሁሉ በፍላሽና በሚሞሪ ይጫን ጀመር። ልጄ ይህን ያወቀው ሚኒባስ ውስጥ የገዛ ድምፁን ሲሰማ ነው። ሹፌሩ በመስታወት አይቶ ለየው፤ "ወላሂ ኢብራር፣ አስጭኜሃለሁ እኮ! ቀኑን ሙሉ አንተን ነው የምሰማው" ብሎ ረዳቱ ሒሳብ እንዳይቀበለው ከለከለ። ሰውየው ማክበሩ ነበር።

ልጄ ቤት ገብቶ በእጁ ያለውን ቅጂ ሁሉ አጠፋ። "አገር ሁሉ ከያዘው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለ። ከዚያ ወዲያ አላዜመም። በ2014 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሞተ። ሐኪም የነገረኝ ኩላሊት መሆኑን ነው፤ እኔ ግን ዝም ያለባቸውን ዓመታት ከሕመሙ ለይቼ ማየት አቅቶኛል።

2. ዘንድሮ በዚያው ሱቅ በር ሳልፍ ድምፁ ከስፒከር ሲወጣ ሰማሁ። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ ምስክር ሆኜ ቀርቤም ምን እንደምፈልግ ስጠየቅ "ይጥፋልኝ" አልኩ። ችሎቱ መህዲን ጥፋተኛ ብሎ ቀጣው፣ ከሱቁ የተያዘው ሃርድ ዲስክም እንዲወገድ አዘዘ። ፍርዱ ትክክል ነው። የሰው ድካም ሳያስፈቅዱ መቸርቸር ሌብነት ነው፤ አስጫኙም "ሁሉም ያደርገዋል" ስላለ ንጹሕ አይሆንም። ዛሬም ቃሌ ይኸው ነው።

3. ከፍርዱ በኋላ ለባለቤቴ ለወ/ሮ እሙ የልጃችንን ድምፅ ላሰማት ብዬ ፍለጋ ወጣሁ። እውነትም አገር ሁሉ የያዘው መስሎኝ ነበር። ከሳንሱሲ እስከ ቀራንዮ ወዳጅ ዘመዱን ጠየቅኩ። ስልኬ ተሰረቀ ያለኝ አለ፤ ፊልም ለማስጫን ቦታ ሲጠበኝ አጠፋሁት ያለኝም አለ። ስቱዲዮው ከተዘጋ ቆይቷል። ሥራው አልቆ በሲዲ ገዝተውት ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገኝ ነበር ብዬ ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ብዛት መንገድ ላይ አለቀስኩ። የልጄ ድምፅ የቀረው እናንተ ዘንድ ያለው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። መዝገብ ቤት ሄጄ ይህን ስናገር ሠራተኛዋ "አባባ፣ ይጥፋልኝ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ይጥፋ ያልኩት ግን ንግዱን ነበር።

4. ያለፈቃድ የተቀዳ ስለሆነ አይሰጥም ተብያለሁ። ፈቃዱ የልጄ ነበር፤ ዛሬ የወራሾቹ የእኔና የእናቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፈቅደናል። የመህዲን ሥራ ማጽደቃችን ግን አይደለም። በየነሺዳው መሀል "መህዲ ጋ ነው፣ አየር ጤና!" የሚል ጩኸት አስገብቶበታል፤ ጩኸቱን ከልጄ ድምፅ መለየት አይቻልም ብለውኛል። ከነጩኸቱ ይሰጠን።

5. ይህም የማይቻል ከሆነ፣ ከመወገዱ በፊት በኤግዚቢት ክፍሉ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከፈትልን ይታዘዝልን። ባለቤቴ ዐይኗ ከደከመ ሰንብቷል፣ የልጃችንን ፎቶግራፍ ማየት አትችልም። ለመግባት የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሷ ትግባ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ረሻድ ኸይረዲን
(ፊርማ)